በስኳር ሰልፍ ላይ የተጠሩ ስሞች

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሞኙ ራሱ ወረቀት የያዘ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ ግን የነገረን የለም። እኔ ልንገራችሁ፤ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።

ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን እውነት ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጅማ፣ እኛ ሰፈር ማመልከቻ የቸገረው ሰው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳ ነበር። ግድግዳው የፈረሰበት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የተባረረበት፣ ሚስቱ ወደ አጋሮ የኮበለለችበት፣ ሁሉም ይመጣል። ቀን መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ለሰፈሩ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ዘነበች፣ «አንተን ያገባሁት ከነቀለም ብልቃጥህ ነው» ትል ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ቤተ ክርስቲያንን በምን ያገልግል? በኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራችን ሁሉም የየድርሻው ሥራ ነበረው። የሚዘምር ይዘምራል፤ ውኃ የሚቀዳ ይቀዳል፤ የታመመ የሚጠይቅ ይጠይቃል። እኔ አፌን ለመዝሙር ስከፍት የፊተኛው ረድፍ ዞሮ ያየኛል። ውኃ ልቅዳ ብል ወገቤ እሺ አላለም። አንዴ ታማሚ ልጠይቅ ሄጄ ሰውየውን ላጽናና ብዬ፣ «አይዞህ፣ አጎቴም ልክ እንዳንተ ነበር ያደረገው» አልኩት። «አሁን እንዴት ናቸው?» አለኝ። አጎቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ መከረና ብዕር ይዤ እንድቀመጥ ወሰነ።

ሥራዬ ስም መጻፍ ሆነ። በየዓመቱ ፍልሰታ ሊገባ ሲል በሰቃ በኩል ካለች ትንሽ ደብር አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሱባኤ ይይዛሉ። ማኅበራችን ጧፍና ዘቢብ ይልክላቸዋል፤ ከዚያ ጋር የታመመውን፣ መንገድ የሄደውን፣ የጨነቀውን ሰው ሁሉ ስም አብሮ ይልካል። እሳቸውም አሥራ አምስቱን ቀን ስሙን አንድ በአንድ እየጠሩ ይጸልያሉ።

ስም ስላችሁ ታዲያ ቀበሌ የሚያውቀውን ስም አይደለም። የክርስትና ስም ነው፤ ካህኑ ውኃ ውስጥ ሲያጠልቁን ያወጡልን። ይህ ስም ምስጢር ነው። እናት ታውቀዋለች፤ የንስሐ አባት ያውቃል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚህ ያለፈ ሰው ካወቀው መተት ይሠራበታል ብሎ የሚፈራው ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠራቸውን ስሞች ሁሉ ለውጫቸዋለሁና መተት ያሰበ ካለ አይድከም።

ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ስሞቹን በብጫቂ ወረቀት ሞነጫጭረው ነበር የሚልኩት። እኔ ይሄ አላማረኝም። ደብተር ገዛሁ፤ አሰመርኩ፤ በካኪ ወረቀት ለበድኩት። ተራ ቁጥር፣ ስመ ክርስትና፣ ከጎኑ ደግሞ «ጉዳዩ» የሚል ረድፍ አወጣሁ። ዘነበች ቆማ አየችኝና፣ «እግዚአብሔር ቢሮ ከፈተ እንዴ?» አለችኝ።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የቱ ምን እንደሆነ በምን ያስታውሱ?» አልኳት።

«እንግዲያው የእኔንም ጻፍ። ጉዳዩ፣ ባሌ ደብተር ትቶ የሚያፈሰውን ጣሪያ እንዲያይ።»

ጻፍኩት። ተራ ቁጥር ሦስት። የራሴንም ከሥሩ አሰፈርኩ፤ «አለቃው እንዲዛወርለት፣ በዕድገትም ቢሆን»። ለሰውየው ክፉ አልተመኘሁም፤ ከፊቴ ዞር ይበል ነው ያልኩት።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ አባ ራያም ይህን ሰምተው መጡ። ባለቤታቸው ዓይኗን ታማ ከርማለች። «የእኔንም ፋጡማ አስገባልኝ» አሉኝ።

«አባ ራያ፣ እርስዎ እስላም ነዎት፤ እሷም የክርስትና ስም የላትም።»

«እና ፈጣሪዋ ፋጡማ ሲባል አያውቃትም?»

አሥራ አንደኛ ላይ «ፋጡማ፣ የአባ ራያ ባለቤት፤ ዓይኗ» ብዬ ጻፍኩ። በደብተሩ ሙሉ ቀበሌው የሚያውቀው ስም እሱ ብቻ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እማማ በላይነሽ መጡ። በሩን ዘግተው፣ ዘነበች እንኳ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ወልደ ሰንበት» አሉኝ።

ማን እንደሆነ ገባኝ። እማማ በላይነሽ አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሱም ጓድ ግርማ ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ጊዜ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ፣ «የጓድ ሊቀመንበሩ እናት ቤት ሥዕለ ማርያም፣ ሥዕለ ሚካኤል ተደርድሯል፤ ጓዱም እዚያ ሥር ቁጭ ብሎ ይበላል» አለ። ከዚያ ወዲህ ጓድ ግርማ እናቱን ሥዕሎቹን አውርጂ አላለም። እግሩን ግን ከቤቷ አነሣ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ እናቱ በር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ራሽኗን በጥበቃ ይልክላታል፤ ራሱ አይመጣም።

«ጉዳዩን ምን ልበለው?» አልኳቸው።

እማማ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከሹመቱ አውርደው አልልም፤ ሹመቱን ይያዝ። እናቱ ቤት እንዲገባ ብቻ። ሲበላ ልየው።»

«ከእናቱ ቤት ከቀረ ሦስት ዓመቱ፤ እግሩን እንዲመልስላት» ብዬ በቆንጆ ጽሕፈት ጻፍኩ። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት።

«ማንም እንዳያውቅብኝ፤ እሱን ያስገምቱታል» አሉኝ።

«ከእኔና ከመነኩሴው በቀር ማንም አያውቅም» ብዬ በኪዳነ ምሕረት ማልኩላቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያን ሰሞን ደብተሩን በካኪ ስለብድ ካኪው ተረፈኝ። ለንጽሕና ብዬ በተረፈው የሱቅ ደብተራችንን ለበድኩበት። የሱቅ ደብተር ለማያውቅ፣ በቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና የምንወስድበት ማለት ነው። ሰው ደብተሩን በመስኮት አስገብቶ ይደረድራል፤ ከዚያ ሠራተኛው በተራ ስም እየጠራ ይሰጣል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዓይነት ልባስ የለበሱ ሁለት ደብተሮች። ይህን ያደረገው ጠላቴ ቢሆን እከሰው ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ዝናቡ ይወርዳል። አንዱን ደብተር ኪሴ ከተትኩ፤ ሰቃ ለሚሄደው ሰው ልሰጥ። ሌላውን በሱቁ መስኮት አስገባሁና ከቆርቆሮው ሥር ተጠለልኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። የሱቁ ሠራተኛ አንስቶ ይጠራል፣ ይሰፍራል፣ አንስቶ ይጠራል። የእኔ ጋ ሲደርስ ገለጥ አደረገና በጣቱ ቆጠረ። ቤተሰብ የሚባለው ከአምስት ከስድስት አያልፍም፤ ይህ ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ለብዙ ቤት የሚያወጣ ተወካይ መስሎት ይሁን አላውቅም፣ አንገቱን አውጥቶ ከላይ ጀመረ።

«ገብረ ማርያም!»

ዝም።

«ወለተ ሐና!»

ከመሐል ሰልፍ አንዲት ሴትዮ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ማንሣትም ፈራች።

«ወለተ ኪዳን!»

እኔ ራሴ ዘወር ብዬ ሚስቴን ፈለግኳት። ቤቷ ናት። ያኔ እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ገባ። ያወጣሁት የስኳሩን ደብተር ነው።

ሄጄ «የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር። እኔ ግን ቆርቆሮው ሥር ተጣብቄ ቀረሁ። ሠራተኛው ይጠራል፤ በተጠራ ቁጥር ከሰልፉ አንዱ ይደነግጣል፤ የደነገጠው ደግሞ ጎረቤቱ እንዳያውቅበት ሰማይ ሰማይ ያያል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ሰማይ እያየ ዝናብ ይመታዋል። «ፋጡማ» ሲባል ብቻ አንድ ሰው፣ «እሷ አሟታል፣ ቤት ናት» ብሎ መለሰ።

በዚህ መሐል የአብዮት ጥበቃው ደብተሩን ከሠራተኛው እጅ ወሰደው። ይህ ጥበቃ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ የመጣ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የተማረው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሠራተኛው፣ «በሌሉ ሰዎች ስም ስኳር ሊያወጣ ነው» አለ። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ የሕቡዕ ስም ነው። ከጎኑ ያለው ደግሞ ግዳጃቸው ነው።»

«የማነው ጽሕፈቱ?» ሲል ሰልፉ በሞላ ወደ እኔ ዞረ። ከመካከላቸው ማመልከቻ ያልጻፍኩለት አልነበረማ። ጽሕፈቴ አሳበቀብኝ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተወስጄ ጓድ ግርማን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። ጥበቃው ደብተሩን ፊቱ ዘረጋና በሩ ሥር ቆመ። እኔ በዚያ ሰዓት የፈራሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ በአብዛኛው ለራሴ ነበር። ግን አሥራ ሰባት ቁጥር እየመጣ ነው። በዚህ ጥበቃ ፊት ጮክ ብሎ ከተነበበ፣ ሰኞ ስብሰባ ላይ ይነሣል። እማማ ልጃቸው እንዲመጣ ጸልዩልኝ ብለው እስከ ወዲያኛው ሊያስቀሩት ነው። የሚያስቀርባቸው ደግሞ የእኔ «ጉዳዩ» ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጓድ ግርማ።

«የጸሎት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የክርስትና ስም ነው።»

«አንድ ጓድ ኪዳነ ወልድ አለ። ‹ሰሜን ነው ያለው፤ በሰላም እንዲመለስ›። ሰሜን ምን ይሠራል?»

«ወታደር ነው። እናንተው ናችሁ የላካችሁት።»

ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ጓድ ግርማ ቀጠለ። «ወለተ ማርያም፣ ‹ጊዜዋ ደርሷል›። የምን ጊዜ?»

«የመውለጃዋ።»

ከዚያ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ካረዘምኩት ምሳ ሰዓት ይደርሳል፤ ምሳ ከደረሰ አሥራ ሰባት ላይ ሳይደርስ ይነሣል። ስለዚህ ያልተጠየቅኩትን ሁሉ አወራ ጀመር። የወለተ ሐና ባል ስንት ጠርሙስ እንደሚጠጣ ነገርኩት። የጣሪያችንን ቀዳዳ ከነቦታው ገለጽኩ። አለቃዬን ምን ያህል እንደምጠላ አብራራሁ። አንድ ሰው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ሲናዘዝ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። የሰው ምስጢር አንዷን ለማዳን አሥሩን አወጣሁ፤ ኋላ ለአሥሩም ንስሐ ገብቻለሁ።

አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ጥበቃው፣ «ይህቺ እንኳ መዝገብ ላይ አለች» ብሎ ሮጠና አባ ራያን ከሱቃቸው ይዟቸው መጣ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ማል ታኤ?» አሉኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው።

«አባ ራያ» አለ ጓድ ግርማ፣ «የባለቤትዎ ስም በክርስቲያን ደብተር ምን ይሠራል?»

«ዓይኗን ታማለች።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ አልሐምዱሊላህ ትንሽ ተሻላት። መስጊድ ዱዓ ተደረገላት። የቀረኝ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ይሄው ነው።»

«እና የእነሱ ጸሎት ለእናንተ ይሠራል?»

«ጓድ ግርማ፣ ይሄ ዝናብ የማን ጣሪያ ነው ብሎ ጠይቆ ነው የሚወርደው?» አሉ አባ ራያ። ከዚያ ደብተሩን ዘንበል ብለው አዩት። «ገና ቦታ አለው። እርስዎም የሚያሳስብዎ ሰው ካለ ያስጽፉ፤ ይሄ ልጅ ጽሕፈቱ ወላሂ ያምራል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጓድ ግርማ ግን ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው፤ አባ ራያን አሰናበተና ንባቡን ቀጠለ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። ምሳ ሰዓት አልደረሰም። አሥራ ስድስት።

«አሥራ ሰባት። ወልደ…»

ቆመ። ስሙን የሚያውቁት እናቱ፣ የንስሐ አባትና እግዚአብሔር ናቸው ብያችኋለሁ። አራተኛው የስሙ ባለቤት ራሱ ነው፤ እሱን ረስቼው ነበር። ዓይኑ ወደ ጎን፣ ወደ «ጉዳዩ» ሄደ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል።

«ማነው ጓድ? የሚያውቁት ነው?» አለ ጥበቃው።

ጓድ ግርማ ጣቱን አንድ መስመር ዝቅ አደረገ። «አሥራ ስምንት» አለ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ አንድ ያለውን ትንፋሽ ሳይወስድ አነበበው። ከዚያ ጥበቃውን፣ «ሄደህ ሰልፉን አረጋጋ፤ የጸሎት ደብተር ነው በላቸው» ብሎ ላከው።

ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«አሥራ ሰባትን ማን ነው ያስጻፈህ?»

«ሌላውን ሁሉ ነግሬዎታለሁ፣ የሚስቴን ጨምሮ» አልኩት። «ይሄንን ግን ምዬበታለሁ።»

«ካልተናገርክ እዚሁ ታድራለህ።»

«እሺ፣ ልደር።»

ይህን ያለው አፌ ነው። ጓድ ግርማ ደብተሩን ዘጋው።

«ተሳስተሃል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሦስት ዓመት አልሞላም። ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ነው።»

ደብተሩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ጽሕፈትህ ጥሩ ነው። ከእንግዲህ ግን ስሙን ብቻ ጻፍ። ጉዳዩን የሚሰማው ያውቀዋል።»

ስወጣ ሰልፉ ተበትኗል፤ ስኳሩም አልቋል። ዘነበች ስንት ኪሎ አመጣህ ብላ ስትጠይቀኝ ደብተሩን አሳየኋት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ አሥራ ሰባት ጋ ስደርስ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ከዚያ የጣሪያውን ቀዳዳ ለቀበሌ መናገሬን ስትሰማ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። በዚያው ቀን ጣሪያ ላይ ወጣሁ።

እማማ በላይነሽ በአጥር የጠሩኝ ማክሰኞ ነው። «ልጄ፣ እሑድ መጣ» አሉኝ። «ትንሽ ሽሮ ነበረኝ፣ በላ። ጨመርኩለት፣ በላ። ሥዕሎቹን ላውርዳቸው ብዬ ብነሣ ‹ተቀመጪ እማዬ› አለኝ። ሲወጣ፣ ‹ለማን ነው የነገርሽብኝ?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ለእግዚአብሔር ነዋ። ለማን እላለሁ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ መነኩሴ ጸሎታቸው እንዴት ፈጣን ነው» አሉ።

እኔ ደብተሩን ገና እንዳልላክሁት አልነገርኳቸውም። ሰቃ የደረሰው ፍልሰታ ከገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ኋላ ለመነኩሴው ሁሉንም ነግሬ፣ «አባቴ፣ ታዲያ ማን ጸለየው?» ብላቸው ሳቁና፣ «እናቲቱ ስታስጽፍህ ምን የምታደርግ መሰለህ?» አሉኝ።

የእኔም ጉዳይ ደርሷል። አለቃዬ በዕድገት ወደ አጋሮ ተዛወረ። የቡናው ወቅት ሲገባ ሰው አነሰኝ አለና፣ ጽሕፈቱ ያምራል ብሎ እኔን በስሜ አስጠርቶ አራት ወር ከጎኑ አስቀመጠኝ።

በዓመቱ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ደብተር አሰመርኩ፤ ሁለት ረድፍ ብቻ። እማማ በላይነሽ መጡ። በሩን አልዘጉትም።

«የልጅዎን ላውጣው?» አልኳቸው።

«ለምን ታወጣዋለህ? ደህና የሆነ ሰው ጸሎት አያሻውም?» አሉኝ። «ደግሞ አንድ ስም ጨምር። እሱ ነው ያዘዘኝ። ‹ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታስጽፊ የራስሽን አስጽፈሽ ታውቂያለሽ?› አለኝ። ለካስ አላውቅም።»

ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ያስረከቡኝን የድሮ ብጫቂዎች አስታወስኩ፤ እውነትም እሳቸው ያስጻፏቸው የታመመ ጎረቤት፣ የወለደች ጎረቤት፤ አምና ደግሞ ልጃቸው። የእሳቸው ስም አንድም ቀን የለም።

ጆሮዬ ሥር ነገሩኝ። እጄ በልማዱ ወደ ጎን ሄዶ «ጉዳዩ» ሊል ሲል ያዝኩት። ስሙን ብቻ ጻፍኩ።

ስማቸውን ለእናንተ አልነግራችሁም። ለውጬም ቢሆን አልነግራችሁም፤ ተምሬያለሁ።